የውሃ ነጠብጣብ በመኪናዎ ላይ እንዳይቀር፦ የትኛው ውሃ፣ የትኛው ማድረቂያ፣ የትኛው ማስለቀቂያ?

ጥቁር መኪና ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መኪናው ከላቫጆ ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ግን ኮፈኑና ጣሪያው በነጫጭ ቀለበቶች ተሞልቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በሳሙናው ወይም በአጣቢው ልጅ ላይ ያደርጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳሙናውም ልጁም ንጹሕ ናቸው። ውሃ ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ሲሊካ (የአሸዋ ዋናው ማዕድን) እዚያው ላሜራው ላይ ይቀራል። ጠብታ ከጠርዙ በኩል ፈጥኖ ስለሚደርቅ ማዕድኑ ወደ ጠርዝ ይሳባል፤ ምልክቱ ቀለበት የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚመረጠው ነገር አራት ቦታ ላይ ነው፦ በምን ውሃ እንደሚያለቀልቁ፣ በምን እንደሚያደርቁ፣ ቀለሙን በምን እንደሚሸፍኑ፣ አልሆን ብሎ ነጠብጣቡ ከቀረ ደግሞ በምን እንደሚያስለቅቁ። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፤ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ለማድረቂያ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ፣ ከዚያ ለሰም ይውጣ። ማስለቀቂያ ኬሚካል መጨረሻ ላይ ይመጣል። መኪና ማሳመሪያ ሱቆች የሚያሳዩን ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከጨርቅ ይልቅ በጠርሙስ የታሸገ ነገር የተሻለ ትርፍ እንደሚያስገኝ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ውሃዎን ይፈትኑት

የሚያስፈልገው አንድ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ ቁራጭ መስታወትና ትንሽ አቼቶ ነው። መኪናዎ ከሚታጠብበት ቧንቧ ወይም ሮቶ ውሃ ቀድተው በንጹሕ መስታወት ላይ በጠብታ በጠብታ ያኑሩና ፀሐይ ላይ ያድርቁት። የቀረውን ነጭ ምልክት መጀመሪያ በውሃ በራሰ ጨርቅ ያብሱ። ከለቀቀ ውሃዎ ውስጥ የሚበዛው በቀላሉ የሚሟሟ የሶዲየም ጨው ነው፤ ችግርዎ ቀላል ነው። ካልለቀቀ ጨርቁን አቼቶ ነክረው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጫኑበትና ደግመው ያብሱ። አሁን ከለቀቀ ኖራ ነው፤ የካልሲየምና የማግኒዥየም ካርቦኔት ማለት ነው፤ አሲድ ያሟሟዋል። አቼቶም ካልበገረው ሲሊካ ወይም ጂፕሰም (ጀሶ የሚሠራበት ማዕድን) ይሆናል፤ እነዚህን አሲድ እምብዛም አይነካቸውም። ይህች ፈተና ቀጥሎ የሚመጣውን ምርጫ ሁሉ ትወስናለች፤ የቤትዎ ውሃ ሲሊካ የሚበዛበት ከሆነ አሥር ጠርሙስ አሲድ ቢገዙ ትርፉ ድካም ነው።

ነገሩ ከአገሩ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። በመቀሌና በድሬዳዋ ውሃው የሚቀዳው የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር ነው፤ የማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዘው፣ የሻወሩ ቀዳዳ የሚደፈነው በዚሁ ምክንያት ነው። ማንቆርቆሪያን የሚያለብስ ውሃ ኮፈንንም ያለብሳል። በመቀሌ አካባቢ ደግሞ ጂፕሰምም ስለሚገኝ ምልክቱ ሁሉ በአቼቶ ይለቃል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ሌላ ጠባይ አለው፤ በብዙ ቦታ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው። እዚያ መኪናው በአንድ እጥበት ነጭ ሆኖ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛው በራሰ ጨርቅ ይነሳል። የእሳተ ገሞራ ዐለት በበዛበት ምድር ግን ሲሊካው እንዳይረሳ።

አዲስ አበባ ድብልቅ ናት። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ የዝናብና የወንዝ ስለሆነ ማዕድኑ አነስተኛ ነው፤ ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳበው የበለጠ ይዟል። ስለዚህ «የአዲስ አበባ ውሃ ነጠብጣብ ይተዋል ወይስ አይተውም?» ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ሰፈርና ፈረቃ ይለየዋል። የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ላቫጆም አለ። ደንበኛ የሆኑበትን ላቫጆ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቁ አያፍሩ።

ብዕር የሚያህለው የቲዲኤስ መለኪያ የሚባለው መሣሪያ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ መጠን በሚሊ ግራም በሊትር ያሳያል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ምን ያህል እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። በእኔ ልምድ ከ50 በታች ሲሆን ነጠብጣቡ እምብዛም አይታይም፤ ከ200 ሲያልፍ ግን ሳያደርቁ መተው በጥቁር መኪና ላይ መፍረድ ነው።

በምን ውሃ ይለቅለቅ?

መኪናውን ሙሉ በሙሉ በተጣራ ውሃ ማጠብ ብክነት ነው። ማዕድን የሚተወው የመጨረሻው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሳሙናውን በቧንቧ ውሃ አጥበው ካስወገዱ በኋላ ለመጨረሻው ጥቂት ሊትር ብቻ ይጨነቁ። በጓሮ መርጫ ፓምፕ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ለሚረጭ ሰው ለአንድ የቤት መኪና አምስት ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ፓምፑ አዲስ ይሁን፤ ፀረ አረም የተረጨበትን አይጠቀሙ።

ለዚህ የመጨረሻ ውሃ በአገራችን ካሉት አማራጮች እኔ የምመርጠው ማንም የማይሸጠውን ነው፤ የዝናብ ውሃ። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። በክረምት ከጣሪያ አሸንዳ በጀሪካን የተያዘ ውሃ ለመኪና ማለቅለቂያ ከጉድጓድ ውሃ እጅግ ይበልጣል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ለተወሰነ ደቂቃ ይፍሰስ፤ ቆርቆሮው የዛገ ከሆነ ደግሞ ይተዉት፤ የዛገ ውሃ ነጭ መኪና ላይ ቢጫ ምልክት ይተዋል። በቀጭን ነጠላ ጨርቅ አጣርተው ጥላ ውስጥ ካኖሩት እስከ በጋው አጋማሽ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ዝናብ ንጹሕ ከሆነ ዝናብ የመታው መኪና ለምን ይዥጎረጎራል? ያ የውሃው ሳይሆን የአቧራው ሥራ ነው። በአቧራ በተሸፈነ መኪና ላይ ካፊያ ሲያርፍ ጭቃ ይሆናል፤ በታጠበ መኪና ላይ ቢያርፍ ያን ያህል አያበላሽም።

ሁለተኛው የባትሪ ውሃ ነው። የተጣራ ስለሆነ ነጠብጣብ አይተውም፤ በመለዋወጫ ሱቆችና በነዳጅ ማደያዎች ይገኛል። ዋጋው ግን ለየሳምንቱ እጥበት አይመችም፤ ለሠርግ መኪና ወይም ሊሸጥ ለተዘጋጀ መኪና ይሁን። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፤ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በአንድ መደርደሪያ፣ በሚመሳሰል ዕቃ የሚቀመጡበት ሱቅ አለ። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቀለምም ቆዳም ያቃጥላል።

የታሸገ የመጠጥ ውሃስ? ምርቱን ይለያል። በጠርሙሱ ላይ ካልሲየሙ፣ ማግኒዥየሙና ጠቅላላው የሟሟ ማዕድን ተጽፎ የሚገኝባቸው አሉ፤ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነው ለማለቅለቂያ ይሆናል። አምቦ ውሃ ግን ለጨጓራ እንጂ ለኮፈን አይደለም፤ በማዕድን የታወቀ ውሃ በመኪና ላይ አድርቆ ንጽሕናን መጠበቅ የዋህነት ነው። በቤታቸው የአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን እያሳለፈ ማዕድኑን የሚያስቀር) ያላቸው ሰዎች ከእሱ አንድ ባልዲ ቀድተው ቢጠቀሙ ጥሩ ነው። ማጣሪያው የሚጥለው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ከሚያጣራው ስለሚበልጥ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለመኪና ብሎ ማጣሪያ መግዛት አይመከርም።

ውሃውን ማፍላት የሚሉም አሉ። ማፍላት ከባይካርቦኔት ጋር ያለውን ካልሲየም ያዘቅጠዋል፤ ጂፕሰሙንና ሲሊካውን አይነካም፤ ከሰሉም ከሚያድነው ይልቅ ያስወጣል። ይለፈን።

ከአገር ውጭ ላሉ አንባቢዎች ምርጫው ሰፋ ይላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲ እየነዱ ኑሮ የመሠረቱባት የኔቫዳዋ ላስ ቬጋስ ውሃዋን በዋናነት የምታገኘው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሚድ ሐይቅ በኩል ነው፤ የውሃው ኖራነት በሊትር ከ250 ሚሊ ግራም በላይ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከ180 በላይ ያለውን «በጣም ኖራማ» በሚለው ደረጃ ይመድበዋል። በዚያ ላይ በረሃው ጠብታን በደቂቃዎች ያደርቃል። እዚያ ላለ ሰው በቧንቧው ላይ የሚገጠም፣ ማዕድኑን በሙጫ እንክብሎች የሚይዝ የዲአዮናይዜሽን ሲሊንደር ትርጉም ይሰጣል፤ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ከከፈቱት እንክብሉ ቶሎ አያልቅም። በጨው የሚሠራው የቤት ውሃ ማለስለሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካዋል እንጂ የሟሟውን መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ነጠብጣብ መተዉን አያቆምም። ጥቅሙ የሚተወው ነጠብጣብ በራሰ ጨርቅ መልቀቁ ነው፤ ያም ቢሆን ትንሽ አይደለም። የግቢ ሣር ማጠጫ የሚረጭበት ቦታ ማቆም ደግሞ የማዕድን ውሃ በየቀኑ ተረጭቶ እንዲደርቅ መፍቀድ ስለሆነ ምንም ዓይነት ሰም አይከላከለውም፤ መኪናውን ወዲያ ማንሳት ነው።

ማድረቂያው ከሁሉ ይበልጣል

ውሃው ምንም ያህል ማዕድን ቢኖረው፣ ከላሜራው ላይ ሳይደርቅ ከተነሳ ማዕድኑም አብሮት ይነሳል። ሌላው ዘዴ ሁሉ ይህን ላልቻለ ሰው የሚሰጥ ማካካሻ ነው።

ከጨርቅ በፊት ሰዓትና ቦታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ቀትር ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን እጅ ያቃጥላል፤ በእንዲህ ያለ ላሜራ ላይ የፈሰሰ ውሃ አጣቢው ወደ ሌላኛው በር ሳይዞር ይደርቃል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ በጥላ ሥር ይታጠብ። መኪናው ከመንገድ ከገባ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። በፀሐይ የማይቀር ከሆነ አንዱ ጎን ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ሌላው መሄድ ያለበት። ላቫጆ ላይ ይህን ማስደረግ ከባድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ጣሪያውንና ኮፈኑን መጨረሻ አድርግልኝ፣ እንደታጠበም ወዲያው አድርቅልኝ» ብሎ ጉርሻውን አስቀድሞ የሚናገር ሰው የሚሻለውን ያገኛል።

ቀጥሎ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የቱቦውን አፍ መርጫ አውልቀው ውሃው በዝግታ፣ ያለ ግፊት፣ ከጣሪያው ጀምሮ እንዲወርድ ያድርጉ። በግፊት የተረጨ ውሃ በሺህ ጠብታ ተበታትኖ ይቀራል፤ በዝግታ የወረደ ውሃ ግን ተያይዞ፣ አብዛኛውን ይዞ ይወርዳል። ሰም በተቀባ መኪና ላይ ይህን ያየ ሰው የሚደርቅ ውሃ ምን ያህል ጥቂት እንደቀረ ይገርመዋል።

የቀረውን ለማንሳት ከተለመዱት ውስጥ የመጀመሪያው ምንም አለማድረግ ነው፤ «ስነዳው በንፋስ ይደርቃል» ይባላል። ንፋሱ ጠብታውን ይገፋዋል እንጂ ሁሉንም አያራግፈውም፤ መንገዱም አቧራ ስለሆነ ነጠብጣብና ጭቃ አንድ ላይ ይገኛል። አሮጌ ቲሸርትና ፎጣ ውሃ ይመጥጣሉ፤ ስፌታቸውና የተያዘባቸው አሸዋ ግን ክሊሩን፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ይጭራል፤ ፀሐይ ሲመታው የሚታየው የሸረሪት ድር መሳይ ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ከቆዳ የሚሠራው ማድረቂያ ውሃን በደንብ ይመጥጣል፤ ነገር ግን ለስላሳ ፊቱ አሸዋን የሚደብቅበት ጉድጓድ ስለሌለው ያገኘውን ሁሉ በቀለሙ ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ ሲደርቅም እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። የመስታወት መጥረጊያ ጎማ በመስታወት ላይ አቻ የለውም፤ በቀለም ላይ ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ብትገባ ከዳር እስከ ዳር መስመር ትስላለች። ለመስታወት ብቻ ይሁን።

አሸናፊው ማይክሮፋይበር (ከእጅግ ቀጭን ሰው ሠራሽ ክር የሚሠራ ጨርቅ) ነው፤ ያውም ወፍራሙ፣ ጠጉሩ የረዘመው ወይም የማር እንጀራ መሳይ ጉድጓድ ያለው። ሁለት ይያዙ፤ አንዱ ብዙውን ውሃ ይምጠጥ፣ ሁለተኛው የቀረውን እርጥበት ያንሳ። አይፈግፍጉበት፤ ዘርግተው ላሜራው ላይ ካኖሩ በኋላ ቀስ ብለው ይሳቡት፣ ወይም ጫን ብለው ያንሱት። ሲያጥቡት ከጥጥ ልብስ ጋር አይደባለቅ፣ የልብስ ማለስለሻም አይጨመርበት፤ ማለስለሻው ክሩን ይለብሰውና መምጠጥ ያቆማል። መሬት የወደቀ ማይክሮፋይበር ለቸርኬ ይሆናል እንጂ ወደ ቀለም አይመለስም፤ ይህን ሕግ የሚያከብር አጣቢ ካገኙ አይልቀቁት።

ጨርቅ የማይደርስበት ቦታም አለ። ስፖኪዮ ሥር፣ የበር እጀታ ውስጥ፣ የመብራት ጠርዝ፣ የታርጋ ዙሪያ የተደበቀ ውሃ መኪናው ሲንቀሳቀስ ወጥቶ በጎን ይወርድና መስመር ይተዋል። ላቫጆዎች ኮምፕሬሰር አላቸው፤ የውስጥ አቧራ ለማራገፍ ይጠቀሙበታል። በዚያው አየር እነዚህን ቦታዎች ቢያስነፉ ችግሩ ያልቃል፤ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት የቀላቀለ ውሃ እንዳይወጣ ግን መጀመሪያ ወደ መሬት ይነፋ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ደግሞ የቻርጅ ክዳኑ ዙሪያ በግፊት ውሃ እንዳይመታ ያሳስቡ፤ ቻርጅ ላይ እያለ ማጠብማ ጭራሽ አይታሰብ።

ሰም፣ ሲላንት ወይስ ሴራሚክ?

እዚህ ላይ የሚነገረው ተስፋ ከእውነቱ ይበዛል። «ሴራሚክ ካስቀባህ የውሃ ነጠብጣብ አይነካህም» የሚለው ልክ አይደለም። የሴራሚክ ሽፋን ውሃን ያባርራል፤ ውሃው ክብ ጠብታ ሠርቶ ይቆማል። መኪናው በዝግታ ከተለቀለቀና ከደረቀ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ውሃው በፍጥነት ይወርዳል፣ ቆሻሻም አይጣበቅም። ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ከቀረ ግን ያች ክብ ጠብታ ማዕድኗን ሁሉ በትንሽ ቦታ ላይ ሰብስባ ትደርቃለች፤ ምልክቷም ጎልታ ትታያለች። ማዕድኑ በሽፋኑ ላይ ከደነደነ ሽፋኑ ራሱ ውሃ ማባረሩን እያቆመ ይሄዳል። ስለዚህ ሴራሚክ የሚያደርቅ ሰው ላለው መኪና ነው። መኪናውን በጥበቃ ሠራተኛው አሳጥቦ ፀሐይ ላይ ለሚያቆም ሰው ብዙ ብር የሚያስወጣ ብስጭት ይሆንበታል።

ተራ ሰም ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፤ በፀሐይና በዱቄት ሳሙና ፈጥኖ ይሄዳል። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ጠብታው የሚደርቀው በሰሙ ላይ ነው፤ የሚጎዳው ሰሙ ነው፤ ሰሙ ሲታደስ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። ርካሽና የሚተካ ነገር ከፊት ማቆም ብልህነት ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ሲላንት ከሰም ጥቂት ወራት ይረዝማል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ኖራ በሚበዛበት ከተማ ለሚኖርና መኪናውን ራሱ ለሚያጥብ ሰው እኔ የምመክረው ሰም ወይም ሲላንት ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ካላቆሙ ግን አንዱንም አይግዙ፤ ስብን ለማጠብ የተሠራ ሳሙና ሰምን አይምርም።

ነጠብጣቡ ከቀረ

መጀመሪያ ጥፍርዎን በምልክቱ ላይ በቀስታ ያሳልፉ፤ ከዚያ ብርሃን በጎን እያበሩ ይመልከቱ። ነጭና ሻካራ ከሆነ ከላይ ያረፈ ማዕድን ነው፤ ይለቃል። ነጩ ነገር ከተነሳ በኋላም ክብ ጥላ ወይም ጎድጓዳ ምልክት ከታየ ክሊሩ ራሱ ተበልቷል፤ ያን ጊዜ የሚለቅ ነገር የለም፤ ዙሪያውን በፖሊሽ አሽቶ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው። ማዕድኑ በጋለ ክሊር ላይ ሲቆይ ነው ይህ የሚደርሰው፤ በሰዓታት ውስጥ የተነሳ ነጠብጣብና ለሳምንታት በፀሐይ የበሰለ ነጠብጣብ አንድ አይደሉም።

ነጠብጣቡ ዛሬ የወጣ ከሆነ እንደገና ማጠብና በደንብ ማድረቅ ይሞከር። ከዚያ ያለፈ ከሆነ አቼቶ። ነጩን አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ይቀላቅሉ፤ በሱቅ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ነው። መኪናው በጥላ፣ ላሜራው ቀዝቃዛ ይሁን። የነከሩትን ማይክሮፋይበር በምልክቱ ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያኑሩት፤ ሳይደርቅ ያንሱትና ቀስ ብለው ያብሱ፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ያለቅልቁ፣ በመኪና ሳሙና ይጠቡ፣ ያድርቁ። ካልለቀቀ ደቂቃውን ከማስረዘም ይልቅ መድገም ይሻላል። አቼቶ ሰምን ስለሚያሳሳ በኋላ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል።

ሎሚስ? ይሠራል፤ ሲትሪክ አሲድ ነው። ግን ጥንካሬው ከሎሚ ሎሚ ይለያያል፤ ጭማቂው ስኳርና ፍሬ ይዞ ይጣበቃል፤ ዋጋው በሚሰቀልበት ወቅትም ለመኪና ማፍሰስ ያሳዝናል። አቼቶ ከሌለ፣ ለመስታወት፣ ግማሽ ሎሚ ይበቃል። ለውሃ ነጠብጣብ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ማስለቀቂያም በመሠረቱ አሲድ ነው፤ ከአቼቶ የሚለየው ጥንካሬውና ወፈር ብሎ በጎን ላይ ሳይፈስ መቆየቱ ነው። አቼቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ግማሹን ብቻ ካነሳ መግዛቱ ተገቢ ነው፤ ጓንት ይደረግ፣ የተጻፈው ደቂቃ አይለፍ። አቼቶ ምንም ካላነሳ ግን ውድ አሲድም ላያነሳ ይችላል፤ የመስታወቷን ፈተና ያስታውሱ።

ክሌይ ባር የሚባለውን እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጽጃ የሚያመሰግኑ አሉ። በቀለም ላይ የተሰካ የብረት ብናኝና ሬንጅ ያነሳል፤ ለደነደነ ኖራ ግን ደካማ ነው፣ ብዙ ማሟለጫ ካልተረጨበትም ይጭራል። ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

ፈጽሞ የማይነኩም አሉ። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ኖራን በእርግጥ ያነሳል፤ ቸርኬውን፣ ክሮሙንና የተጋለጠ ብረትንም ይበላል። በረኪና ለነጠብጣብ ምንም አይሠራም፤ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የሚመርዝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ይህ ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ ሳንባ ነው። ሁለቱን በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጨርቅም ቢሆን አያገናኙ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በቀለም ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻም።

መስታወት ከቀለም ይልቅ ታጋሽ ነው። አቼቶ ካልበቃው ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለው የመስታወት ማሻሻ ዱቄት ከውሃ ጋር ተለውሶ ሲሊካውን ሳይቀር ያነሳል፤ ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ይህ ለመስታወት ብቻ ነው። የፊት መብራት ዛሬ በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ መስታወት አይታይ።

ክሊሩ የተበላ ከሆነ የሚቀረው ፖሊሽ ነው። የፋብሪካ ክሊር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል፤ እያንዳንዱ ጠንካራ ፖሊሽ ከዚያ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ስለዚህ በየበዓሉ መኪና ፖሊሽ ማስደረግ ቀለምን በራስ ገንዘብ ማስላጥ ነው። ወደ ፖሊሽ ቤት ሲሄዱ የቀለም ውፍረት መለኪያ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ሁሉንም ከመጀመራቸው በፊትም አንድ እጅ የሚያህል ቦታ ላይ ሠርተው ያሳዩዎት። በተለይ ያገለገለ መኪና ከገዙና ከዚህ በፊት ተቀብቶ እንደሆነ ካላወቁ፣ በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ያስሹበት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ከላይ ክሊር የለም፤ የሚታሸው ቀለሙ ራሱ ነው፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ይቁምና በእጅ፣ በለስላሳው ፖሊሽ ብቻ ይሠራ።